አሥራ አምስተኛው እርምጃ

ሐዳሳ በአሥራ አምስተኛው እርምጃ ታጠፈች። የክላርኔቷ ጫፍ አጠገቧ ከተሰለፈችው ጓደኛዋ ከሄቨን ክንድ ጋር ተጋጨና ቀጥ ብሎ የነበረው የሰልፉ መስመር መካከሉ ላይ ተሰበረ። መታጠፍ የነበረባት በአሥራ ስድስተኛው ነበር።

ከበሮው ቆመ። በትምህርት ቤቱ ባንድ ልማድ፣ የተሳሳተ ሰው ማንም ሳይጠይቀው እጁን ያነሳል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ሐዳሳ ከነሐሴ ጀምሮ ስንት ጊዜ አንስታለች። ዛሬ ግን ሐሙስ ነው። የባንዱ መምህር ሚስተር ኮልማን ልምምዱን ሲጀምሩ፣ «ዛሬ ይህችን መታጠፊያ የሳተ ቅዳሜ ውድድሩ ላይ አይሰለፍም፤ ተጠባባቂ ይተካዋል» ብለዋል።

ጣቶቿ ከክላርኔቱ አልላቀቅ አሏት።

ከጎኗ ሄቨን እጇን አነሳች።

ልምምዱ ሲያልቅ ሄቨን ኮፍያዋን በጣቷ እያሽከረከረች አጠገቧ መጣች። «ማለቴ፣ ቆጥሬ ነበር እኮ። ሐዲ፣ ዘገየሁ እንዴ?»

«እኔንጃ» አለች ሐዳሳ የክላርኔቱን ሳጥን እየዘጋች። «አላየሁም።»

«ኦኬ። እኔው ነኝ በቃ። እማዬም ፈዛዛ ነሽ ትለኛለች።» ልትስቅ ሞከረች፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ሄደች።

የሐዳሳ አባት አቶ ተሻገር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቋት ነበር። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ ያመላልሳሉ፤ የሥራ ባጃቸው አሁንም ደረታቸው ላይ ነው። ባንዱ ለትርኢት ሲወጣ አንድም ቀን አይተው አያውቁም።

«ምናሴ የቅዳሜን ሺፍት ሊሸፍንልኝ እሺ አለ» አሉ የመኪናውን ሞተር እያስነሱ። «ሶ፣ እመጣለሁ። ግን ሁለት መቶ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ኮፍያ። በምን ልለይሽ?»

«ሦስተኛው መስመር ላይ ነኝ፣ አባ።»

«መስመር ስቆጥርማ ያልቅብኛል። ያቺ ቀውላላ ጓደኛሽ አጠገብሽ አይደለች? እሷን ካገኘሁ አንቺን አላጣሽም።»

ሐዳሳ መስኮቱን ከፈተች። ሙቀቱ ገባ።

«ምነው፣ ኤሲው አልበቃሽም?»

«በቅቶኛል» አለችና መልሳ ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት መኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ፣ ለልምምድ በተቀባው ነጭ መስመር ተሰለፉ። ሄቨን በነበረችበት ቦታ ተጠባባቂዋ ልጅ ቆማለች። ሄቨን ዳር ላይ ጎንበስ ብላ ብርጭቆዎች ውስጥ ውሃ ትቀዳለች። ሐዳሳ ላለማየት ፊቷን ወደፊት አቀናች።

አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። መስመሩ እንደ አንድ ሰው ታጠፈ። ማንም አልሳተም።

«ይኸው!» አሉ ሚስተር ኮልማን። «ተመለሱ፣ አንዴ እንድገመው።»

ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ ሐዳሳ ባለችበት ቀረች። እጇን አነሳች።

ሚስተር ኮልማን አዩዋት። «አልተሳሳትሽም። አውርጂው።»

«የዛሬው አይደለም» አለች። «የትናንቱ ነው። ሄቨን በትክክል ነበር የቆጠረችው።»

ሄቨን ቀና አለች። የያዘችው ብርጭቆ ሞልቶ ጫማዋ ላይ ይፈሳል።

ቅዳሜ የሐዳሳ አባት ቀውላላዋን ልጅ ያገኟታል። ከጎኗ በልጃቸው ቦታ የሚያዩት ግን ሌላ ሰው ነው። ይህን ዛሬውኑ፣ መኪናው ውስጥ፣ ራሷ ልትነግራቸው ነው።

እጇን አላወረደችም።