ጫፉ ላይ ያለችው ቅጠል

መምህር ታረቀኝ ሚስማሮቹን በከንፈራቸው ይዘው ወንበር ላይ ቆመዋል። ሪታጅ ከሥር ሥዕሏን ዘርግታ ትጠብቃለች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። የቤተ ሙከራው ግድግዳ በጦርነቱ ከተራቆተ ወዲህ የመጀመሪያው ሥዕል ሊሰቀልበት ነው። ድሮ የነበሩትን የዕፅዋት ሥዕሎች ማን እንደወሰዳቸው አይታወቅም። ለዚህ ነው የባዮሎጂው መምህር ዘጠነኛ ክፍሎችን «በሐይቃችን ዳር የሚበቅለውን ራሳችሁ ሳሉ» ያሏቸው። የሪታጅ ሰስባኒያ ተመረጠ።

ሰስባኒያ ረግረጉ ላይ የሚበቅል፣ ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ሪታጅ ለፍየሏ በየቀኑ ስለምትቆርጠው ዓይኗን ጨፍና የምታውቀው ይመስላት ነበር። እንዲያውም ለመሳል ያመጣችውን ቅርንጫፍ ፍየሏ ስትበላባት ሌላ ለማምጣት ሰነፈችና የቀረውን ከሐሳቧ ጨረሰችው።

ጓደኛዋ ሰርካለም ግን ዛሬ ለማድመቂያ ብላ አንድ ትኩስ ቅርንጫፍ ይዛ መጥታለች። ሪታጅ ዓይኗ እሱ ላይ ሲያርፍ ክው አለች። ቅጠሎቹ እስከ ጫፉ ድረስ ጥንድ ጥንድ ናቸው። እሷ ግን በየዘንጉ ጫፍ አንድ ብቸኛ ቅጠል ሰክታለች።

«ሰርኪ፣ ጫፉን እይው እስቲ» አለች በሹክሹክታ።

ሰርካለም ሁለቱን አስተያየች። «ማን ያያል አቦ? ፍየልሽ ብትመጣ ይኼንንም ትበላዋለች።»

ሪታጅ ሳቋ አመለጣት። ቀለሙን ከሪያድ የላከላት ወንድሟ ሰዑድ፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚነሳውን ፎቶ እየጠበቀ ነው። እሷም መሰቀሉን በጣም ፈልጋዋለች። ግን የከርሞዎቹ ተማሪዎች ይህን እያዩ ነው የሚማሩት።

«ቀና አድርጊው እንጂ ሪታጅ፣ ክንዴ ዛለ» አሉ መምህሩ።

«ቲቸር፣ ሰኞ ብንሰቅለውስ? ወላሂ ተሳስቻለሁ።»

ቅርንጫፉን አሳየቻቸው። መምህር ታረቀኝ ሚስማሮቹን ከአፋቸው አውጥተው አገላብጠው አዩት።

«እኔም አላስተዋልኩትም» አሉ። «ግን ሰኞ ከክፍላችሁ ሱሩርም አዲስ ሥዕል ያመጣል። ያንቺ ይመረጣል ብዬ ቃል አልገባም።»

ቢሆንም ሥዕሉን ጠቀለለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሪታጅ ሱሪዋን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባችና ከቁጥቋጦው ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፍየሏን አስቀድማ ራቅ ካለ ዛፍ ጋር አስራታለች። ባዶውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ መሳል የጀመረችውም ከቅጠሉ ጫፍ ነው።