ያልተጨመቀው ፎጣ

የትምወርቅ የሞተችው በሰው ልብስ መሃል ነው። መተኮሻ ክፍሏ ወለል ላይ፣ ስስ ፍራሽ አንጥፋ እንደተኛች ቀረች። በላይዋ የሙሽራ ቬሎ፣ የመዘምራን ካባ፣ ሐርና ዳንቴል በመስቀያ ተንጠልጥለዋል። ጠዋት በሩን ከፍታ ያገኘቻት አከራይዋ ነበረች። በእግሯ በኩል አመድ የሞላ የከሰል ምድጃ፣ ከግድግዳው ጥግ ደግሞ የታሰረ ሻንጣ ተቀምጧል። መስኮቱ ዝግ ነበር። ሐኪሙ ብዙም አልተፈላሰፈም፤ «የከሰል ጭስ ነው» ብሎ ሄደ።

ኢንስፔክተር ምሕረት ስትጠራ ቁርሷን እየበላች ነበር፤ እንደወትሮዋ ብቻዋን። የቦዲቲ ልጅ ናት። ሶዶ ተዛውራ ክፍል ከተከራየች ወዲህ «ኢንስፔክተሯ ቤት ሁለተኛ ሰሃን የለም» እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። ቀልዱ እውነት መሆኑን ግን አያውቁም።

ሳጅን ታምራት ከበር ተቀበላት። ወደ ሶዶ በቅርቡ የመጣ፣ ነገር ቶሎ መዝጋት የሚወድ ወጣት ነው።

«ሰውየውን ይዘነዋል» አላት ገና ሰላም ሳትለው። «ቲቶ ይባላል፤ የሻንቶ ልጅ፣ አናጢ። አግቢኝ እያለ ሲመላለስ ነበር። ትናንት ሲመሽ መብራት ጠፍቶ ሳለ ከሰል ይዞ ሲገባ የማዶው ዘበኛ አይቶታል።»

«ቲቶን ነው ያየው?»

«ፊቱን አላየም፤ ጃንጥላ ይዞ ነበር። ግን ‹ከሰል ይዞ ገባ፣ ባዶ እጁን ወጣ› ነው ያለው። እዚህ ቤት የሚመላለስ ወንድ ደግሞ አንድ ነው። ዛሬውኑ ክስ እናዘጋጃለን።»

«አንድ ሰው ዕድሜውን እስር ቤት እንዲጨርስ ‹ገባ› እና ‹ወጣ› ብቻ አይበቃም» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

የትምወርቅን ሶዶ የሚያውቃት «የመርከቧ ሴትዮ» እያለ ነው። በትልቅ የሽርሽር መርከብ ላይ፣ ከባሕሩ ወለል በታች ባለ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ የሀብታም እንግዶችን የእራት ልብስ ስታጥብ ወጣትነቷን ጨርሳ የተመለሰች ሴት ነበረች። እዚህም ያንኑ ሙያ ያዘች። ሌላው የሚያበላሸውን ስስ ልብስ ወደ እሷ ያመጡታል። ሰው ልብሱን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ የሚያወራት ግን ጥቂት ነበር።

ምሕረት ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። የኤሌክትሪክ ካውያው በቦታው አለ፤ የከሰል ካውያ ግን የለም። ሐር የሚጠብቅ ሰው ከሰል አጠገቡ አያስጠጋም፤ አንዲት ፍንጣሪ የሰው ሠርግ ታበላሻለች። መብራት ሲጠፋ የትምወርቅ ሥራ አቁማ ልብሱን ለመጠበቅ እዚያው እንደምትተኛ ጎረቤቶቿ ነግረዋታል። ታዲያ ምድጃው የገባው ተኝታ ሳለ ነው።

ከዚያ ኮሪደሩን አየች። በሩ አጠገብ፣ አንድ ሰው በእግሩ ገፋ ያደረገው የሚመስል የተጠቀለለ ፎጣ ወድቋል። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ የወደቀ ፎጣ ማን ልብ ይላል? ሳጅኑ ሁለቴ ተራምዶታል። እሷ ግን አንስታ ዘረጋችው። አንድ ሳይሆን ሁለት ፎጣ ነው፤ እርጥቡ በደረቁ ውስጥ ተጠቅልሏል። ጥቅልሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፤ የመጠምዘዝ ምልክት አንድም ቦታ የለበትም። ከታችኛው ጎኑ የበሩ ሥር አቧራ ተለጥፎበታል። በሩ ከውጭ ታፍኖ ነበር ማለት ነው።

ሻንጣውንም ከፈተች። በስስ ወረቀት ተጠቅልለው የተደረደሩ ሁለት ቀሚሶች አሉበት። አንዱ ሰማያዊና ረጅም ነው፤ የቁመተ ሎጋዋ የየትምወርቅ። ሌላው ክሬም ቀለም ያለው የሐር ቀሚስ አጭር ነው፤ የግራ እጅጌው ደግሞ ከቀኙ ያንሳል። ስፌቱ እጅግ የተጠነቀቁለት ነው። እንዲህ የሚሰፋ ሰው እጅጌ እንዴት ይሳሳታል? ምሕረት ቀሚሱን መልሳ አጣጠፈችው።

አከራይዋ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ግቢው ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች። አባቷ ከጉራጌ መጥተው ሶዶ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የከበሩ ናቸው፤ እሷም ሱቁንና ቤቱን ወርሳለች።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለቻት ምሕረት።

«ምን ልደብቅሽ! የእናቴን የሐር ሻሽ ሰጥቻት የሰው የወላይታ ዱንጉዛ ልብስ ቀይ ቀለም ለቀቀበት። ጮህኩባት፤ ቤቴን ልቀቂም ብያታለሁ። እሷ ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ‹ካንቺ ይበልጥ እኔን ነው ያመመኝ› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይቆጣል?»

«ልብስ አብረሻት አጥበሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? አንድን ሸሚዝ ስታባብል መዋሏን እያየሁ እስቃለሁ እንጂ! ልብስ ማለት ጠምዝዞ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።»

«ጠዋት በሩን ስትከፍቺ እግርሽን የነካው ነገር ነበር?»

«ፎጣ ነገር... በእግሬ ገፋ አድርጌው ገባሁ። ለካ እሷ...» ብላ ቃሉን ሳትጨርስ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ሙሉሐረግ የየትምወርቅ የልጅነት ጓደኛ ናት። ከጎኗ ባለው፣ በሩ ለብቻው በግቢው በኩል በሆነ ክፍል ትኖራለች። ምሕረት ስትገባ አጭሯ ሴትዮ ገመድ ላይ ያደሩትን የመዘምራን ካባዎች እየሰበሰበች ነበር። በልጅነቷ ተሰብሮ በደንብ ባልገጠመው ግራ እጇ ጨርቁን ደግፋ፣ በቀኟ ታጥፋለች። ካባውን ከአንገቱ አታነሳውም፤ ከሥሩ አቅፋ ነው የምታነሳው።

«ማነው ያስተማረሽ?»

«የትሜ ናታ። እርጥብ ልብስ ይከብደዋል፣ በአንገቱ ካንጠለጠልሽው ይረዝማል ትላለች። ስትጨምቂ ካየችሽማ እጅሽን ነው የምትመታው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «መርከብ ላይ ሳለች በየእሑዱ ትደውልልኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ውሃው መስመሩን ይወስደውና አትደውልም። እኔ ግን እጠብቃለሁ።»

«ሻንጣውን አይተሻል?»

እጇ ቆመ። «አይቻለሁ። ያኔም ይዛው የሄደችው ያንኑ ሻንጣ ነው።»

«ወዴት ልትሄድ እንደነበር ጠየቅሻት?»

«ጠየቅኋት። ‹ወደ ውሃ ነው፤ ሌላውን ጠዋት እነግርሻለሁ› ብላ ሳቀች።» ከዚያ በኋላ ሙሉሐረግ ሌላ ካባ አነሳች።

ቲቶ ጣቢያው አግዳሚ ላይ፣ የመጋዝ ብናኝ የያዘ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ በተቀመጠበት የደረቀ ይመስላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነው።

«ትናንት ሲመሽ የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ማን አየህ?»

«ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ማን ያየኛል?»

ይህን መልስ ምሕረት በደንብ ታውቀዋለች። ነገ እሷን ማታ የት ነበርሽ ቢሏት ሌላ መልስ የላትም።

«የትምወርቅ የት እንደምትሄድ ነግራሃለች?»

«ነግራኛለች። ግን ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብታኛለች።»

«ሞታለችኮ፣ ቲቶ!»

«ቃሌ አልሞተም» አለና አቀረቀረ።

የቀረው ዘበኛው ነበር። ጋሽ ኤልሳዕ የማዶውን የእህል መጋዘን ይጠብቃሉ። ምሕረት ስትጠጋ ካፊያው ጀምሮ ነበርና ከቆርቆሮው ሥር ሆነው ጮኹ፤

«ና ግባ! አንተ ለምን ትበሰብሳለህ? ተቀመጥ እንጂ!»

ገብታ ተቀመጠች። «ቤተሰብ ደህና ነው ጋሼ?»

«ሚስቴ ታሟል። ጉልበቱን ይለዋል፤ ገበያ መውጣት ትቷል» አሉ እያዘኑ።

ምሕረት ሳቋን ዋጥ አደረገች። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋና ወንበሯን አስጠጋች። ከዚያ በኋላ ያወሩት በእናቷ ቋንቋ በወላይታቶ ነው። ስትነሳ ካፊያው አላባራም ነበር፤ እሷ ግን ዝናቡን ልብ ሳትለው መንገዱን ተሻገረች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዓመለወርቅ፣ ሙሉሐረግና ጋሽ ኤልሳዕ ተቀምጠዋል። ቲቶ እጁን ታስሮ ከሳጅኑ አጠገብ ቆሟል። ምሕረት አንድ ሳፋ ውሃና አሮጌ የሐር ሻሾች አዘጋጅታለች።

«ከመጀመራችን በፊት እነዚህ ይታጠቡና ገመዱ ላይ ይሰጡ፤ ሳሙና አላቸው» አለች። «ወይዘሮ ዓመለወርቅ፣ ይህን ያዢ። አንቺም ሙሉሐረግ።»

ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ዓመለወርቅ ሻሿን ነከር አድርጋ በሁለት እጇ ጠምዝዛ ጨመቀችውና ገመዱ ላይ ጣለችው። ሙሉሐረግ ግን ሻሹን አልጨመቀችም። ደረቅ ፎጣ ከመደርደሪያው ሳብ አድርጋ ዘረጋች፣ ሻሹን በላዩ አነጠፈች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አድርጋ ጠቀለለችና በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። ስትጨርስ ነው ቀና ያለችው። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር።

«ሳጅን» አለች ምሕረት፣ «የፈጸምከው ስህተት የሁላችንም ነው፤ አማርኛ ሁሉ አንድ ይመስለናል። ጋሽ ኤልሳዕ ‹ገባ› ሲሉህ ወንድ ፈለግህ። እኔን ደግሞ ዛሬ ጠዋት ‹ና ግባ› ብለው ተቀበሉኝ። የገዛ ሚስታቸውን ‹ታሟል› ይላሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ወላይታቶ ግን ይለያል፤ ‹ገሊስ› ወንድ ገባ ነው፣ ‹ገላሱ› ሴት ገባች። ጋሼ፣ ትናንት ምን አዩ?»

«ገላሱ!» አሉ ሽማግሌው ሳያመነቱ። «ነጠላ ተከናንቦ፣ የቀሚሱ ጫፍ ውሃ ጠጥቶ። ሴት ነው እኮ! ማን ጠየቀኝ?»

ሳጅን ታምራት ፊቱ ቀላ።

«ስለዚህ ቲቶ አይደለም» ቀጠለች ምሕረት። «ሴት ናት። መብራት ሲጠፋ የትምወርቅ እዚህ እንደምትተኛ የምታውቅ፣ መስኮት በሌለው ክፍል መተኛት የለመደችውን የትምወርቅን የክፍሉ መታፈን እንደማይቀሰቅሳት የምታውቅ። ዓመለወርቅ ከእሷ ጋር ተጣልታ ነበር፤ ሁላችሁም የምትጠረጥሩት እሷን ይሆናል። የበሩን ሥር ያፈነው ግን ይሄ ነው።» ጥቅልሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እርጥብ ፎጣ ነበር፤ ውሃው እንዲመጠጥ በደረቅ ፎጣ ተጠቅልሏል። ዓመለወርቅ ብትሆን ጠምዝዛው ነበር። ይቺ ሴት ግን ክፉ ልትሠራ በመጣችበት ሰዓት እንኳ እጇ መጭመቅ እንቢ አላት። የትምወርቅ አስተምራት ነበርና።»

ሙሉሐረግ በመዳፏ የጫነችውን ጥቅልል አልለቀቀችውም።

«ራሷን እንዲያማት ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ። «በቃ ራሷን ብቻ። አውቶቡሱ እንዲያመልጣት። ጠዋት በሩን እከፍታለሁ፣ ሾርባ እሠራላታለሁ፣ ሻንጣውን እፈታለሁ ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ ንጋት ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት በዓመለወርቅ ጩኸት ነው። እኔ ሌላ ሰው የለኝም፤ እሷ ባሕር አላት፣ ሥራ አላት፣ የሚያገባት አላት። እኔ ግን እንደገና እየጠበቅሁ ማርጀት አልቻልኩም!»

«ይህን ሰው ሲያስሩትስ?» አለች ዓመለወርቅ።

ሙሉሐረግ ቲቶን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ዛሬ እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ስል ነበር።»

ምሕረት የቲቶን እጅ ራሷ ፈታችው። «ቲቶ፣ ቃልህን አክብረሃል። አሁን ግን መናገር ያለብህ ይመስለኛል።»

ቲቶ አንጓውን አሻሸ። «ወደ መርከቡ አልነበረም» አለ። «አርባ ምንጭ ነው፤ ለቅዳሜና እሑድ። ሐይቁ ላይ በጀልባ ሊሄዱ ነበር። ‹ሙሉ ያን ሁሉ ዘመን ስትጠብቀኝ ውሃ ምን እንደሚመስል አላየችም፤ ጠዋት ድንገት ቀስቅሼ ይዣት እሄዳለሁ፤ ስንመለስ ላንተም መልስ እሰጥሃለሁ› አለችኝ።»

ሙሉሐረግ ያልገባት ይመስል አየችው። ምሕረት ሻንጣውን ከፈተች፤ ክሬሙን ቀሚስ አውጥታ ትከሻዋ ላይ ለካችላት። ጫፉ በልኳ ወረደ። የቀኙ እጅጌ አንጓዋ ላይ ደረሰ፤ የግራውም ባጠረው እጇ አንጓ ላይ፣ ልክ በቦታው ቆመ። ዕድሜዋን ሙሉ የለበሰችውን ልብስ ሁሉ ግራ እጅጌ አጥፋ ነበር የለበሰችው።

ሐሩ ላይ እንባዋ ጠብ አለ። ደንግጣ ቀሚሱን ከላይዋ አራቀችው።

«ወዲያው ካልታጠበ ምልክት ያስቀራል» አለች፤ በእጇም ፎጣ ትፈልግ ጀመር።