የአብዱልቃዲር ሰንጋ መዥገሮች

ሰንጋ አድላቢው አብዱልቃዲር ጭሮ ዳር ባለው ግቢው፣ በሰንጋው እግር ሥር ተዘርሮ ሞቶ ተገኘ። አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ጉንጩ ውስጥ ጫት እንደወተፈ ነው። ኢንስፔክተር ሳህሊቱ ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ጠበቃት። የሟች ወንድም ሙከሚል የሟችን ሚስት ፋጤን በገመድ አስሮ አስቀምጧታል። ጡት ያልጣለው ልጇ ጎረቤት እቅፍ ውስጥ ያለቅሳል።

«ፍቷት! ማነው ዳኛ ያደረጋችሁ?» አለች ሳህሊቱ።

«ራቱን ያቀረበችው እሷ ናት፤ መርዝ አብልታዋለች!» አለ ሙከሚል።

«ወላሂ ከአንድ ሰሃን ነው የበላነው» አለች ፋጤ። «ልጄን ላስተኛ ገባሁ፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት ነው ያገኘሁት።»

ስልክ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። «ሴትዮዋን ይዘሻት ነይ፣ ምርመራው በኋላ ይደርሳል።»

ሳህሊቱ ጥርሷን ነከሰች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው በሞተ ቁጥር ምግብ ያቀረበችው ትታሰርና ነገሩ ይዘጋል። ፋጤ ጣቢያ ከገባች ያ ሕፃን ምን ሊጠባ ነው?

«እስከ ከሰዓት ይታገሱኝ» ብላ ዘጋችው።

ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። የዓይኑ ብሌን ጠቦ ነጥብ አክሏል። መዳፉን ሳትነካ አሸተተችው፤ የመዥገር መድኃኒት ሰነፈጣት። ሰንጋውን ዞረችው። ጆሮውና አንገቱ ላይ ያሉት መዥገሮች ደርቀው ይረግፋሉ። ጭራው ሥርና ብሽሽቱ ላይ ያሉት ግን ደም ጠጥተው ተወጥረዋል፤ እግራቸው ይንቀሳቀሳል። የመድኃኒት መርጫው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሸረሪት አድርቶበታል። የመድኃኒቱ ዕቃ የትም የለም።

ጎረቤቱን አቶ አጥናፉን ጠየቀች። «ከሟች ጋር ተኳርፈው ነበር አሉ?»

«በአጥር ነዋ! በአጥር ሰው ይገደላል እንዴ? ደግሞ መርጫውን ምን ታያለሽ? ሰንጋ በመርጫ ይደነግጣል። በእጅ እያጎረስን፣ በእጅ እየዳበስን ነው የምናደልበው። መድኃኒቱንም በእጃችን ነው የምንቀባው።»

«ጓንትስ?»

«አይ አንቺ ልጅ!» ብለው ሳቁ። ሳህሊቱ ተናደደች። ስንት ጊዜ ይነገር!

ሙከሚልም ሰንጋ ነበረው። «ባለፈው ሳምንት ከአሰቦት ቆላ አብረን ነው የገዛናቸው፤ መዥገር ወሯቸዋል። እኔ መድኃኒት የሚባል አላውቅም አቦ! በእጄ ነው የምለቅመው» አላት።

ሳህሊቱ ቤቱ ሄዳ አይታ ተመለሰች። ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ራት ቢሆን ፋጤም አትተርፍም ነበር» ብላ ጀመረች። «መድኃኒቱ በብዙ ውኃ መበጥበጥ ነበረበት። አብዱልቃዲር ግን እንዳለ፣ በባዶ እጁ፣ ከጆሮ ጀምሮ ቀባው። በዚያው እጁ ጫት ቀንጥሶ ቃመ። በቆዳውም በአፉም ገባ። ጭራው ጋ ሳይደርስ ወደቀ፤ የዚያ መዥገሮች የተረፉት ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ማንም አልገደለውማ!» አለ ሙከሚል ፈጠን ብሎ።

«ዕቃውን ማን አነሳው? መዥገር በእጅ ሲመነጨቅ ብዙ ጊዜ አፉ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና ያቆስላል። ያንተ ሰንጋ አንድ ቁስል የለበትም፤ ከሥሩ ግን መዥገሩ ከነአፉ ደርቆ ረግፏል። መመሪያ የተለጠፈበትን መድኃኒት ጣሪያህ ሥር አገኘሁት፤ ግማሽ ነው። አጠገቡ መድኃኒት የሚሸት የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ አለ። ለወንድምህ በእሱ ቀንሰህ ሰጠኸው። እንዴት እንደሚበጠበጥ አልነገርከውም።»

ሙከሚል መሬት ላይ ተቀመጠ። «ረሳሁት... ማታ ላየው መጣሁ፤ ወድቋል። በኔ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ላስቲኩን ይዤ ወጣሁ።»

«ትንፋሽ ነበረው?»

ሙከሚል ፊቱን ወደ ሰንጋው አዞረ።

«ሙከሚል! ትንፋሽ ነበረው ወይ?»

«ነበረው።»

«የዚህ መርዝ ማርከሻ'ኮ ሆስፒታል አለ!» ሳህሊቱ ጮኸች። «ባጃጅ ጠርተህ ብትወስደው ሊተርፍ ይችል ነበር!»

ፋጤ ልጇን አቅፋ ቀረበች። አልሰደበችውም፣ አልጮኸችም።

«በሩ ክፍት ነበር» አለችው። «አንድ ጊዜ ፋጤ ብትለኝ ምን ነበረበት?»