አንድ እፍኝ ገብስ

የወንድሜ ዱላ የከብት ሐኪሙ ክንድ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ቋ ሲል ሰማሁት። በረቱ ውስጥ ሦስት እርጉዝ በጎች ሆዳቸው ተነፍቶ ሞተዋል። አራተኛዋ ጥርሷን እያፋጨች ታቃስታለች።

«በዚያ ዱቄትህ ፈጀሃቸው አይደል!» አለ ወንድሜ። እሱ ሲቆጣ አባታችን እንኳ ዞር ይልለታል።

ሐኪሙ በቡጢ የፈነዳ አፉን በእጅጌው ጠረገና አየኝ። ምንም አላለም።

ሐኪሙ ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ አባዬ ቁርጡን ነግሮት ነበር፤ «በጎቼ ሁሉ በሰላም ከተገላገሉ ልጄን ውሰድ። አንዲት ብትሞት ግን ደጄን እንዳትረግጥ።» እሱም መኖውን ለክቶ ሰጠኝ። ከድርቆሹ ጋር ለእያንዳንዷ አንድ እፍኝ ገብስና አንድ ማንኪያ የእርሾ ዱቄት፣ ለጨጓራቸው።

«አደራሽን አታብዢ» አለኝ። «እህል ድንገት ከበዛባት ጨጓራዋ ኮምጥጦ ይገድላታል።»

እኔ ችኩሏ ግን አባዬ ቶሎ ፋፍተው ይያቸው ብዬ፣ በዋዜማው ጠዋት ገብሱን በባልዲ ገለበጥኩላቸው። ምነው አፈር በበላሁ!

ወንድሜ ዱላውን ደግሞ ሲያነሳ ቢላዋ መዝዤ የአንዷን ሬሳ ሆድ ቀደድኩት። ኮምጣጣ ሽታ ፊቴን መታኝ። ያበጠ ገብስ ከደም ጋር እግራችን ስር ተዘረገፈ።

«ይሄ እፍኝ ነው? ያበዛሁት እኔ ነኝ! እኔን ምታ!»

መታኝ። ዓይኔ ብልጭ እስኪል በጥፊ አላጋኝ። ራሱ ሲመታ እጁን ያላነሳው ሐኪም ያን ጊዜ በደህናው እጁ ወንድሜን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው።

«በቃ!» ብሎ አባዬ መሃል ገባ። «የቀረችዋን ማን ያድናታል?»

ሐኪሙ ለቀቀው። «የዳቦ ሶዳ በውሃ በጥብጪ» አለኝ እያቃሰተ። እኔ አጠጣኋት፣ እሱ በአንድ እጁ ሆዷን አሸላት። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ያንኑ ዱላ ሰበረና ለሐኪሙ ክንድ መደገፊያ አቀበለኝ።

«አውቀህ ነበር?» አልኩት እያሰርኩለት።

«ሽታው ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ዱላው ወዳንቺ እንዲዞር ነው?»

አመሻሽ ላይ በጊቱ ማመስኳት ጀመረች። በሳምንቷም መንታ ወለደች።

«ሦስቱን የፈጀችው የራሴ ልጅ ናት» አለ አባዬ። «ውሰድልኝና በጎቼ ይረፉ!»

የባሌ ክንድ ተጣሞ ቀረ። ዛሬም ሳህኑ ላይ ምግብ ስቆልልበት ያቺን ክንዱን ከፍ ያደርግልኛል። እኔም ማንኪያዬን አስቀምጬ ክንዱን እስመዋለሁ።