የእናቴን ስም ለፕሪንተር የሰጠሁ ቀን

እኔ የኮምፒዩተር ሰው ነኝ፣ ገመዱ ከተሰካ ይሠራል፣ ካልተሰካ አይሠራም፣ ከዚያ ውጭ የሚወራውን ሁሉ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቡዳ፣ ዛር፣ ጥላ ወጊ ሲባል ከጨዋታው መሃል ተነስቼ የምሄድ፣ አንዳንዴም «እስቲ እኔን ይብላኝ!» እያልሁ የማሾፍ ነበርሁ፣ እናቴ በዚህ አፌ ስንት ጊዜ ተቆጥታኛለች። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይሄ ደግሞ ጀመረው» አትበሉኝ፣ እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር፣ እመኑኝ።

የምሠራው ወገዳ ከተማ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ፣ ጉሙ መስኮት ድረስ መጥቶ የሚቆምበት ጊዜ ነበር። መብረቅ የስልኩን ማማ ከመታው ሳምንት ሆኖት ስልክ የለም፣ ኢንተርኔትማ አታንሱት። ቅዳሜ ጠዋት ከጋይንት ለገበያ የመጣ ያገሬ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝና «ምናለ፣ እናትህ ከተኛች አምስት ቀኗ ነው፣ እህል አልቀምስ ብላለች፣ ቶሎ ድረስላት» አለኝ። እናቴ የምትኖረው እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት አጠገብ ነው፣ ብቻዋን፣ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። 

ፈቃድ ልጠይቅ ኃላፊዬ ወይዘሮ አስካል ቤት ድረስ ሮጥሁ። «እኔስ ልብ የለኝም ብለህ ነው?» አሉኝ። «ግን ሰኞ በማለዳ የአስተማሪዎቹ የምደባ ደብዳቤ ይታተማል፣ ስንቱ ሰው ከየገጠሩ እየመጣ ነው። አምስቱን ኮምፒዩተሮች ከአዲሱ ፕሪንተር ጋር አገናኝና ሂድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወጣ የጭነት መኪና አለ።» ምን እላለሁ? እሺ አልሁ። ቢሮው ባዶ ነው፣ ያለው ዘበኛው አያ ፈንቴ ብቻ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ፕሪንተሩን አንዱ ኮምፒዩተር ላይ ትሰኩታላችሁ፣ በኔትወርክ የተያያዙት ሌሎቹም እንዲጠቀሙበት ሼር ታደርጉታላችሁ፣ ያኔ ማሽኑ «ስም ስጠው» ይላል፣ ሌሎቹ በዚያ ስም ፈልገው ያገኙታል። የቀድሞውን ፕሪንተር በመሥሪያ ቤቱ ስም ሰይሜው፣ የጎረቤት ቢሮ ሰው ሁሉ እያገኘው የሠርግ መጥሪያና የዕድር ደንብ ሲያትምበት ወረቀታችን አልቆ እኔ ነበርሁ የተወቀስሁት። ስለዚህ የአሁኑን ስሙ እንዲደበቅ አደረግሁት፣ ማለትም ስሙን ፊደል ሳይስት ለማይጽፍ ሰው ፕሪንተሩ ከነጭራሹ አይታይም። ታዲያ ማንም የማይገምተው ስም ያስፈልጋል። ልቤ ያለው እናቴ ዘንድ ነው፣ እጄም የጻፈው የእናቴን የክርስትና ስም ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። የክርስትና ስም እኛ አገር ለሰው ሁሉ አይዘራም፣ የንስሐ አባት ያውቀዋል፣ የቅርብ ቤተሰብ ያውቀዋል፣ በጸሎት ይነሳል፣ በፍትሐት ይጠራል፣ ከዚያ በቀር ይሸሸጋል፣ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል ይባላላ። እናቴ የእሷን የነገረችኝ ጎረምሳ ከሆንሁ በኋላ ነው፣ እሱንም «ለሚስትህም ቢሆን እንዳትናገር» ብላ። እኔ ደግሞ ሄጄ ለፕላስቲክ ሰጠሁት። እናንተም አትጠይቁኝ፣ አልነግራችሁም።

አንዱን ኮምፒዩተር አገናኘሁ፣ የሙከራ ገጽ ላክሁ፣ ወጣ። ደስ አለኝ። የሁለተኛውን ገመድ ልሰካ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ ፕሪንተሩ በራሱ ተነሳ፣ ያ ጥርሱ ሲዞር የሚያሰማው ክርር የሚል ድምፅ ተሰማና አንድ ወረቀት ስቦ አወጣ። ባዶ ነው። ሁለት ጊዜ ልኬ ይሆናል አልሁ። ተመልሼ ስንበረከክ ደግሞ ክርር። ተነስቼ ለመታተም ተራ የሚጠብቁትን ዝርዝር ከፈትሁ፣ አንድ ሥራ ተቀምጧል፣ የጽሑፉ ርዕስ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ የእናቴ ስም አለ። ለፕሪንተሩ ከሰጠሁት ስም ነው የመጣው እንዳልል፣ እኔ የጻፍሁት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ እዚያ ያለው ግን በአማርኛ ነው፣ ያውም ቄስ ብቻ በሚጽፈው በትክክለኛው ንጉሡ ሠ።

ሰረዝሁት። ጠፋ። ተመልሶ መጣ። ሰረዝሁት። ገመዶቹን ሁሉ ነቃቀልሁ፣ አሁን ይህ ኮምፒዩተር ከማንም ጋር አልተያያዘም፣ ማንም ምንም ሊልክበት አይችልም። መጣ። ስንት ጊዜ እንደሰረዝሁት አላስታውስም፣ ሰዓቱ ስምንት ሆኗል፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው፣ እናቴ ልትሞትብኝ ነው፣ እኔ ከአንድ ፕሪንተር ጋር ግብ ግብ ገጥሜያለሁ። በሰረዝሁት ቁጥር ባዶ ወረቀት ይወጣል፣ እያንዳንዱም ሞቅ ያለ ነው።

በሩ ተበረገደና አያ ፈንቴ ዝናብ ያራሰውን ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገቡ። ቤተ ልሔም ድጓ ጀምረው ከግማሽ ያቋረጡ ሽማግሌ ናቸው፣ አንድም ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«አንተ ምናለ! የታመመ ሰው እንዲህ በክርስትና ስሙ እየተጮኸ ይጠራል? ማን አስተማረህ?»

«ማን ጮኸ፣ አያ ፈንቴ?»

«አንተ ነሃ! ቅድም ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ይሰማል» አሉና ስሙን ጠሩት። ክው አልሁ። 

«የእናቴ ነው» አልኋቸው።

«እሱማ ገባኝ። የት ጽፈኸው ነው?»

«ፕሪንተሩ ላይ።»

«ምኑ ላይ?»

«ይሄ የሚያትመው ዕቃ ላይ፣ መጠሪያ እንዲሆነው ብዬ።»

አማተቡ። «የወለደችህን ስም ለብረት? በል ቶሎ ፋቀው!»

ሮጬ የፕሪንተሩን ስም ያዝሁና አጥፋ አልሁት። ማሽኑ ልማዱ ነው፣ ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቃል። አያ ፈንቴ ከትከሻዬ በላይ ሆነው «ምን ይላል?» አሉኝ። «ይጥፋ ወይ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ነው የሚለው» ስላቸው እጄን አፈፍ አድርገው ያዙኝ።

«ተው! ተው! ስሟ ይጥፋ ብለህ በእጅህ ልታጸድቅ? ስም ከመዝገብ የሚደመሰሰው መቼ እንደሆነ አታውቅም?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አያ ፈንቴ፣ ይንገሩኝ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔ ድጓውን ከግማሽ የተውሁ ሰው ምን አውቃለሁ፣ ልጄ!»

አለቀስሁ፣ አላፍርበትም። ብተወው ይጠራታል፣ ባጠፋው ስሟን በገዛ እጄ ማጥፋቴ ነው፣ ማመንና አለማመን ያኔ ትዝም አላለኝ። ዝርዝሩ ላይ ስሟ እንደገና መጣ። በዚህኛው ጊዜ አልሰረዝሁትም፣ ጣቴ እንቢ አለኝ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ፣ የኔትወርኩ ሳጥን አረንጓዴ መብራቶች ከሰሙ፣ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በቀር ድምፅ የለም። እናም መብራት በሌለበት፣ ያ ፕሪንተር፣ በዝግታ፣ አንድ ወረቀት ሳበ።

ወረቀቱ መሬት ወደቀ። አያ ፈንቴ «በስመ አብ» እያሉ ወደ ኋላ ሄዱ፣ እኔም አላነሳሁትም፣ የተጻፈበት ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩን እንደተከፈተ ትቼ ሮጥሁ፣ መኪናውን ሲነሳ ደረስሁበት።

ፕሪንተሩ ምን ሆነ ካላችሁኝ፣ ከሳምንት በኋላ ስመለስ አምስቱም ኮምፒዩተሮች ቀጥ አድርገው ያትሙ ነበር። ወይዘሮ አስካል «ጎበዝ፣ ሁሉንም አገናኝተህ ነው የሄድህ» ብለው አመሰገኑኝ። እኔ ያገናኘሁት አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹ አራቱ ላይ ስሙን ማን ጻፈው? ሠራተኛውን ሁሉ ዞሬ ጠየቅሁ፣ «ሰኞ ስንገባ የተዘጋጀ ነበር» ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም።

እናቴ ዘንድ የደረስሁት እሑድ ረፋዱ ላይ ነው፣ መንገዱ ተበላሽቶ ግማሹን በእግሬ ነው የሄድሁት፣ ከሩቅ ልቅሶ ይሰማ እንደሆነ ጆሮዬን እያቆምሁ። ልቅሶ የለም። ተደግፋ ተቀምጣ አጥሚት ትጠጣለች። ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ።

«ትናንት ምን ሆነህ ነው ስትጣራኝ የዋልህ?» አለችኝ።

«እኔ?»

«ከወንዙ ወዲህ ሆነህ ነዋ። ልሻገር ስነሳ ትጠራኛለህ፣ እመለሳለሁ። ደግሞ ልሄድ ስል ትጠራኛለህ። አድክመኸኝ ዋልህ።»

እንዴት ያለ ደስታ ተሰማኝ መሰላችሁ! እኔ ነኝ የመለስኋት፣ ያ ሁሉ መሰረዝ ከንቱ አልነበረም አልሁ በልቤ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«የመጨረሻው ግን አንተ አልነበርህም። ድምፁ ያንተው ነው፣ ቁርጥ ያንተ። ግን ከዚህኛው ማዶ አይደለም፣ ከዚያኛው ነው የመጣው።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

ዋንጫዋን አስቀመጠች። «ልጄ ጠርቶኝ ምን እላለሁ? አቤት አልሁ።»

ይኸው ድናለች፣ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጸበሉ ነው ያዳናት ይላል። ወደ ሥራዬ ልመለስ ስሰናበታት ግን እጄን ይዛ «ምናለ፣ ከእንግዲህ ከሩቅ አትጥራኝ» አለችኝ፣ «ሁለታችሁ ስትጠሩኝ የትኛችሁ እንደሆናችሁ አልለይም።»

ከዚያ ወዲህ እናቴን በምንም ስም ጠርቻት አላውቅም። ጓሮ ስትሆን እሄድና ትከሻዋን ነካ አደርጋታለሁ፣ ትዞራለች። ወዲያው ግን አትዞርም፣ ትንሽ ማዶ ማዶውን አዳምጣ ነው።