እንደ እህቴ ነው የማያት

ባህሩ ፅጌረዳን መጀመሪያ ያያት ቀሚሷን እያጠፈ ሳለ ነው። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ የሚኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ። ማድረቂያው የሰው ልብስ ይዞ ቆሟል። ሌላ ሰው ቢሆን አውጥቶ ይቆልለው ነበር፤ እሱ ግን አንድ በአንድ ያጥፍ ጀመር።

«ቀሚሴን ይዘህ ምን እያደረግክ ነው?» አለች ከበሩ።

«ማሽኑ ጨርሶ ነበር... እንዳይጨማደድ ብዬ።»

ቀረብ ብላ አየችው። «ከእናቴ ትሻላለህ» አለችና ሳቀች። ልቡ በዚያ ሳቅ ሄደ።

የአንድ ፎቅ ጎረቤቶች ነበሩና ብዙ ሳይቆይ የቤት ሰው ሆነ። አባቷ አቶ ዘውዴ በደርግ ጊዜ የተሰደዱ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። እናቷ ወይዘሮ አበራሽ ምጽዋ ስላደጉ የቶሮንቶን ሐይቅ ይንቁታል። «ጨው የሌለው ውሃ ባሕር አይባልም» ይላሉ። በፈረንጆቹ 2008 በጋ ላይ አቶ ዘውዴ ባሕር ሊያሳዩአቸው ሚኒቫን ተከራዩ። ሃይዌይ ስለሚፈሩ መሪውን ለባህሩ ሰጡት፤ አራቱም ወደ ኖቫ ስኮሺያ ተነሡ።

ኒው ብራንስዊክ ሲገቡ ጫካው ዋጣቸው። ጥዱ ግራና ቀኝ ተገትሮ ሰማዩን አጥብቦታል።

«ይሄን ሁሉ ማገዶ ለማይጋግር ሕዝብ ሰጠው» አሉ ወይዘሮ አበራሽ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። አቶ ዘውዴም ተከተሉ።

ፅጌረዳ ከፊት ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ታጎርሰዋለች።

«ባህሩ፣ አባባ አንድ ነገር ይጠይቅሃል። እውነቱን ብቻ ንገረው።»

«ምን ብለው?»

«ሲጠይቅህ ታውቀዋለህ።»

ሉነንበርግ ደረሱ፤ ቀይና ቢጫ የእንጨት ቤቶቿ ወደ ወደቡ ያዘቀዘቁ ከተማ ናት። ወይዘሮ አበራሽ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። «ጨው አለው» አሉና አለቀሱ። ያን ጊዜ ነው አቶ ዘውዴ ባህሩን ገለል ያደረጉት።

«ልጄን በምን ዓይን ነው የምታያት?»

ቤታቸውን ከፍተውለት፣ ማዕዳቸውን አካፍለውት፣ ጥያቄው ክስ መሰለው። ጨዋነት እያልን የምናሞካሸው በሽታ ያዘው። ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ፊት አንገታችሁን ድፉ እያልን እናሳድጋለን፤ አድገው አንዲት እውነት መናገር ሲያቅታቸው ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው እንላለን። ጨዋ አይደለም፤ ፈሪ ነው።

«እንደ እህቴ ነው የማያት፣ ጋሼ።»

የአቶ ዘውዴ ፈገግታ ቀስ ብሎ ከፊታቸው ጠፋ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። «ወንድም አልነበራትም።»

ባህሩ ዞር ሲል ፅጌረዳ ሁለት አይስክሬም ይዛ ቆማለች። አንደኛው እጇ ላይ ይቀልጣል።

በመልሱ ጉዞ ከኋላ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ጫካ ሲያቋርጡ አንድ ነገር ብቻ አለችው፦ «ወንድሜ፣ መስኮቱን ዝጋልኝ።»

ቶሮንቶ ሲገቡ ሊፍቱ ጋ ጠብቆ ያዛት። «ፅጌ፣ ዋሽቼ ነው። ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ሊሰጥህ ነበር እኮ የጠየቀህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔማ አውቄዋለሁ። ለእሱ ንገረው። እጠብቅሃለሁ።»

በማግስቱ ሄዶ አንኳኳ። አቶ ዘውዴ ሲያዩት ፊታቸው በራ። «ግባ የኔ ልጅ። አሁን ለጓደኛዬ ለወልደገብርኤል በስልክ ስለ አንተ እያወራሁለት ነበር። በሰው አገር ለልጄ ወንድም አገኘሁላት እያልኩት።»

ባህሩ አፉን ከፈተ። «ሻይ... ሻይ ካለ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ፅጌረዳ ከኩሽና ሰማች። ሻዩን ያመጣችለት እሷ ናት። ስኳር አልነበረውም፤ እሱም ሳይጠይቅ ጠጣው።

እንደ ቃሏ ጠበቀችው። በረዶው ወረደ፣ ቀለጠ፣ እንደገና ወረደ። ኋላ ኖላዊ የሚባል ፋርማሲስት ሽማግሌ ላከ። አቶ ዘውዴ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁት «ልጅዎን እወዳታለሁ» አለ። ሁለት ቃል። የሚጠይቀው ያን ያህል ነበር።

በሠርጉ ጠዋት ሙሽራው ሲመጣ «አናስገባም» ብለው በር የሚይዙት የሙሽሪት ወንድሞች ናቸው። ፅጌረዳ ያላት አንድ ወንድም ብቻ፤ ባህሩ። አቶ ዘውዴ ራሳቸው ክራቫቱን አስተካከሉለትና «በል፣ በቀላሉ እንዳትለቅ» አሉት።

አልለቀቀም። ኮሪደሩ በእልልታና በጭብጨባ ተሞላ። ሚዜዎቹ ገፉ፣ ለመኑ፤ ባህሩ ሁለት እጁን መቃኑ ላይ ተክሎ ቆመ። መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ቆየና ሳቁ እየሳሳ መጣ። ኖላዊ ዓይኑን አየውና ፈገግታውን ሰበሰበ።

ከኋላው የቀሚስ ኮሽታ ሰማ።

«መያዝ የነበረብህ ያኔ ነው» አለችው፣ እሱ ብቻ እንዲሰማት። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦ «ወንድምዓለም፣ ክፈትላቸው።»

እጁን አወረደ። እልልታው ቀለጠ። ሙሽሮቹ ሲወጡ የነጭ ቀሚሷ ጫፍ በሩ ሥር ተጨማድዶ ቀረ። ባህሩ ጎንበስ ብሎ አቃናላት፤ ከዚያ ከመንገዱ ዞር አለላቸው።