አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ክፍል

ኤዶም ጥላዋን እንደ አንሶላ አጣጥፋ ለእናቷ ሰጠቻት።

«ያዢልኝ እማዬ፤ እቤት ስንደርስ እዘረጋዋለሁ።»

ትርሲት ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በአዳማው «ንኩ» በተባለው የሳይንስ ቤተ መዘክር፣ የሰውን ጥላ ቀርጾ የሚያስቀረው ጨርቅ አሮጌ ነገር ነው፤ ልጆች እንኳ ሁለቴ አያዩትም። እሷ ዛሬ ቤተሰቧን ይዛ የመጣችው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ አባቷን አቶ ደርበውን ቀሊሎ ውስጥ ልታስገባ። ቀሊሎ ማለት ከሰው ክብደት ላይ ከስድስት እጅ አምስቱን የሚያነሣ ክፍል ነው፤ ጨረቃ ላይ እንደመቆም ያለ። ጉልበታቸው የከዳቸው አረጋውያን አንዴ እንኳ እንዲዘሉበት ብላ የሠራችው ራሷ ናት። ምን ዋጋ አለው! በሦስት ወር ውስጥ አንድም ሽማግሌ አልገባበትም። ሰኞ ሊፈርስ ነው። አባቷም ነገ ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ባዶ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በሩ ላይ ጋባዡ ተናገረ። ጋባዥ የሚሉት እንግዳ እየጠየቀ የሚያስገባውን ድምፅ ነው።

«እንደምን ዋሉ አባት! መግባት ይፈልጋሉ?»

አቶ ደርበው ወደ ውስጥ አጮልቀው አዩ። አንዲት ወጣት ጣሪያውን ነክታ እየሳቀች ስትወርድ ዓይናቸው አብሯት ወረደ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«አይ፣ እኔ ምን አደርግበታለሁ! ለልጆቹ ይሁን።»

«ምርጫዎን አከብራለሁ» አለ ጋባዡ። በሩ ክርችም አለ።

ሽማግሌው ክው አሉ። በሩን አዩት፣ ምርኩዛቸውን አዩት፣ ደግሞ በሩን አዩት።

«አባዬ፣ አልፈለግህም እንዴ?»

«ኧረ ይቅርብኝ» ብለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። ፊታቸው ግን ተራው እንዳለፈበት ልጅ ሆኗል።

ትርሲት ነገሩ አልዋጥላት አለ። የበሩን ስክሪን ከፍታ ጋባዡ እስከ ዛሬ የተቀበለውን መልስ አወጣችው። ሰባት መቶ አረጋውያን ተጠይቀዋል፤ ሰባት መቶዎቹም «አይ» ብለዋል። ድምፃቸውን ከፈተችው።

«ምን በወጣኝ፣ ልጆቹ ይግቡ እንጂ።»

«ተዉት፣ አትቸገሩ።»

«አሁን ይኼ ለእኔ ያምርብኛል?»

አንዳቸውም አልፈልግም አላሉም።

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ትርሲት። ሁሉም እስኪለመኑ እየጠበቁ ኖሯል! በመጀመሪያው ግብዣ እሺ የሚል ትልቅ ሰው የት ይገኛል? «አንዴ ጠይቅ፤ አይ ካሉህ ተው» ብላ ያዘዘችው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ ራሷ ናት። መሣሪያው ምንም አልተበላሸም፤ ያስተማረችውን ጨዋነት ነው የፈጸመው።

ወዲያው ትእዛዙን ለወጠችው።

«ከእንግዲህ እስከ ሦስቴ ለምናቸው።»

«ምን ብዬ ልለምን?» አለ ጋባዡ።

«እኔ ልሙት በል።»

«እኔ አልሞትም።»

ትርሲት ሳቀች። «እንግዲያው ትርሲት ትሙት በል!»

ጋባዡ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አባት፣ ይግቡ እንጂ!»

አቶ ደርበው ቀና አሉ። «አይ፣ ግድ የለም።»

«ኧረ አይሆንም፣ ይግቡልን!»

«እኔ ሽማግሌው…»

«ትርሲት ትሙት!»

«ኧረ አትሙትብኝ!» ብለው ብድግ አሉ። ምርኩዛቸውን ለኤዶም ሰጥተው በተከፈተው በር ገቡ።

መጀመሪያ ፈራ ተባ እያሉ ትንሽ ዘለሉ። ሁለተኛው ላይ ጭንቅላታቸው ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። እንደዚያ ሲስቁ ትርሲት ካየቻቸው ቆይታለች፤ እንባዋ መጣ።

«እንዴት ነበር አባዬ?» አለቻቸው ሲወጡ።

«ዝላዩስ ጥሩ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሆዴን ያባባው ግን ልመናው ነው። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ሁለቴ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ቀለል አድርገው ነው የተናገሩት፤ ትርሲት ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ከቀብሩ ማግስት «ከእኛ ጋር ኑር» ብላቸው ነበር። «አይ፣ ምን አስቸግራችኋለሁ» አሏት። እሷም ምርጫቸውን አክብራ ዝም አለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። ጋባዡ የማንን ጠባይ እንደወረሰ አሁን ገባትና አፈረች።

«አባዬ፣ ነገ አትሂድ። ከእኛ ጋር ኑር።»

«አይ ልጄ፣ እናንተን ምን አስቸግራለሁ!»

ትርሲት ልማድ ሆኖባት ዝም ልትል ስትል ኤዶም ቀሚሷን ጎተተቻት።

«እማዬ፣ ገና አንዴ እኮ ነው!»